ከጅማ ናይሮቢ ለማስተርስ፦ ወረቀቱን እዚሁ ጨርሳችሁ ውጡ

ዲግሪውን ይዞ «ናይሮቢ ሄጄ ማስተርሴን ልማር፣ እዚያው ሥራም ላፈላልግ» የሚል ሰው ጅማ ላይ አይጠፋም። ጥሩ ሐሳብ ነው። መንገዱ ግን የሚጀምረው ከሬጅስትራር መስኮት ነው።

መጀመሪያ ስማችሁን አጣሩ። ፓስፖርቱን፣ ዲግሪውንና ትራንስክሪፕቱን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አንብቡ። የአባቴ ስም ካሳ ነው። ፓስፖርቴ ላይ በአንድ ኤስ፣ ዲግሪዬ ላይ በሁለት ኤስ ተጽፎ ነበር። ለአንዲት ፊደል ስል አዲስ አበባ ሁለቴ ተመላለስኩ። መሄጃው ብቻ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የትውልድ ቀንም እንዲሁ ያስቸግራል። ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲለወጥ አንዱ 7 ዓመት፣ ሌላው 8 ይደምርና ሁለት የልደት ቀን ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ፓስፖርቱን መነሻ አድርጉ፤ ሌላውን ከእሱ ጋር አስማሙ።

ቀጥሎ የኮስት ሼሪንግ ጉዳያችሁን ጨርሱ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ቶሎ እጅ አይገባም፤ ስለዚህ ቀድማችሁ ጠይቁ። ዲግሪውን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ከዚያም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጡ። ኬንያ ውስጥ የውጭ ዲግሪን አቻነት የሚመዝነው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ኮሚሽናቸው ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱንም አትርሱ።

ትምህርት ቤት ሲመረጥ ቶሎ አፍ ላይ የሚመጡት ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲና ኬንያታ ናቸው። ከፍሎ መማር ለማይችል ግን እኔ ጁጃን አስቀድማለሁ። ጁጃ ከናይሮቢ ወጣ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ እዚያ፣ ጆሞ ኬንያታ የግብርናና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ የአፍሪካ ኅብረት ያቋቋመው የፓን አፍሪካን ዩኒቨርሲቲ ተቋም አለ። በሳይንስና በኢንጂነሪንግ ለማስተርስና ለፒኤችዲ ስኮላርሺፕ ይሰጣል። ግብርና ለተማረ ደግሞ ናይሮቢ ላይ ሁለት ትልልቅ የምርምር ማዕከላት አሉ። ኢልሪ በእንስሳት፣ ኢሲፔ በነፍሳት ላይ ይሠራሉ። የጅማን ቡና ተባይ እያየ ያደገ ልጅ ለኢሲፔ የሚያወራው አያጣም። ለተመራማሪው አጭር ኢሜይል ጻፉ፤ ምን መመርመር እንደምትፈልጉ በሦስት መስመር ንገሩት። «ማንኛውም ዕድል ካለ» የሚል ደብዳቤ መልስ አያመጣም።

አሁን ዋናው ነገር። ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም፤ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። ድንበር ላይ የሚመታላችሁ ማኅተም የጎብኚ ነው። ለመማር የተማሪ ፓስ ያስፈልጋል፤ ማመልከቻው የመግቢያ ደብዳቤ ስለሚጠይቅ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ሆናችሁ ጀምሩት። ከ90 ቀን በላይ የሚቆይ የውጭ ዜጋም ተመዝግቦ መታወቂያ ማውጣት አለበት።

የተማሪ ፓስ የሥራ ፈቃድ አይደለም። ለመቀጠር ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቦታው በኬንያዊ ያልተሞላው ለምን እንደሆነ ማስረዳት ያለበትም ቀጣሪው ነው። ስለዚህ ኢንተርቪው ላይ ስለ ደሞዝ ከማውራታችሁ በፊት «ፈቃዱን ታወጡልኛላችሁ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። «ዝም ብለህ ሥራ፣ ማን ያይሃል» የሚሏችሁን አትስሙ። ያለ ፈቃድ ሲሠራ የተያዘ ሰው ይቀጣል፣ ይባረራል፤ የደከመበት ትምህርትም መንገድ ላይ ይቀራል።

ከደረሳችሁ በኋላ እንጀራ ኢስሊ ሰፈር አለ። አየሩም አይከብዳችሁም፤ ናይሮቢ ከፍታዋ ከጅማ ብዙ አይርቅም። ሐምሌ ላይ ግን ሹራብ ያስፈልጋል። ሰዓታችንም አንድ ነው። በስዋሂሊ የሚቆጥሩት ልክ እንደ እኛ ነው፤ «ሳ ምቢሊ አሱቡሂ» ካሏችሁ ጠዋት 2 ሰዓት ማለታቸው ነው። ፕሮፌሰሩ በእንግሊዝኛ «ቱ ፒኤም» ካላችሁ ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቢሮው ተገኙ።