ከጉርሻ ወደ ራስ እጅ፦ ትንንሽ ልጆች ራሳቸው እንዲበሉና እንዲለብሱ እንዴት እናስተምር?

ደሴ ውስጥ ኬጂ አስተምራለሁ። በየዓመቱ መስከረም ላይ አንድ ዓይነት ነገር አያለሁ። የምሳ ሰዓት ይደርሳል፤ ልጆቹ ታጥበው ይቀመጣሉ፤ ምሳ ዕቃቸው ፊታቸው ነው። አብዛኞቹ መብላት ይጀምራሉ። አምስት ስድስቱ ግን ዝም ብለው ያዩኛል። አንዳንዱ አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል። ርቧቸዋል። ምግቡም እናት በሌሊት ተነስታ የሠራችው ጥሩ ፍርፍር ነው። ግን በራስ እጅ መብላት አልለመዱም። ትንሽ ቆይተው ማልቀስ ይጀምራሉ።

እናቶችን ልወቅስ አይደለም። እኔም የመጀመሪያ ልጄን አራት ዓመት እስኪሞላት አጉርሻታለሁ። እኛ ወሎዎች ጋ ጉርሻ ፍቅር ነው፤ እንግዳ እንኳ ሳይጎርስ አይነሳም። ጉርሻ ይቅር አልልም። ጉርሻ ለፍቅር ይቆይ፤ ሆድ መሙላቱን ግን ልጁ በራሱ እጅ ይልመደው።

መቼ ነው የሚችሉት?

ከምናስበው ቀደም ብለው ነው። ሕፃን 6 ወር ሞልቶት ምግብ ሲጀምር እጁን ወደ ሰሃኑ ይዘረጋል። ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ ትንሽ ነገር ቆንጥሮ ያነሳል። አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ማንኪያ ይዞ መታገል ይጀምራል። 3 ዓመት ሲሆነው አብዛኛውን ምግብ ራሱ መብላት ይችላል፤ ልብሱንም ያወልቃል። ማውለቅ ከመልበስ ይቀድማል። የሸሚዝ ቁልፍ 4 ዓመት አካባቢ፣ የጫማ ክር ማሰር ደግሞ 5 ወይም 6 ዓመት ላይ ይመጣል። ልጅ ከልጅ ይለያያል፤ ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሩ።

ልጃችሁ 4 ዓመት ሞልቶት ገና ከሆነም አልዘገያችሁም። ክፍሌ ውስጥ አፋቸውን ከፍተው የሚጠብቁኝ ልጆች አብዛኞቹ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ራሳቸው ይበላሉ።

መጀመሪያ ጊዜውን ምረጡ

ልጅ ራሱን እንዳይችል የሚያደርገው ብዙ ጊዜ የእኛ ጥድፊያ ነው። ጠዋት ባጃጁ በር ላይ ጥሩምባ ሲነፋ ማንም እናት «እስኪ ካልሲህን ራስህ አድርግ» ብላ አትቆምም። ስለዚህ ጠዋት አታስተምሩ። ቅዳሜና እሑድ ጀምሩ፤ በሥራ ቀን ደግሞ ማታ ማታ። አንድ ነገር ብቻ ያዙ። መብላት ከሆነ መብላት፣ ካልሲ ከሆነ ካልሲ። እሱ ሲለምድ ወደ ሌላው።

መብላት

አቀማመጥ ትልቅ ነገር ነው። ሶፋ ላይ ተንጋሎ፣ እግሩ ተንጠልጥሎ የሚበላ ልጅ ሰውነቱን ለማቆም ሲታገል እጁን በደንብ ማዘዝ ያቅተዋል። በዚህ ረገድ የእኛ በርጩማ ድንቅ ነው። እግሩ መሬት ይረግጣል፤ ምግቡ ደረቱ አጠገብ ይሆናል። ከሥሩ ላስቲክ ወይም አሮጌ ማዳበሪያ አንጥፉ፤ የሚፈሰው እዚያ ይፍሰስ። በየጉርሻው አፉን አትጥረጉት። ይረበሻል። መጨረሻ ላይ አንዴ ይታጠባል።

ለጊዜው የራሱ ሰሃን ይኑረው። አብሮ መብላት ባህላችን ነው፤ አውቃለሁ፣ እወደዋለሁም። ግን እጁ ገና ያልፈጠነ ልጅ ከታላላቆቹ ጋር በአንድ ትሪ ሲበላ ሳይጠግብ ትሪው ያልቃል። እናንተም ምን ያህል እንደበላ አታውቁም። ወደ ትሪው በኋላ እንመለሳለን።

ከዚያ የምግቡ ቅደም ተከተል። በሚያዝ ነገር ጀምሩ፦ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ እንቁላል፣ ለስላሳ ዳቦ። ቀጥሎ ፍርፍር፤ እንጀራው አስቀድሞ ተቆርሷልና ልጁ ማንሳት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ለማንኪያ ደግሞ ከገንፎ የሚሻል የለም። ማንኪያው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ቢያዘነብለውም አይፈስም። ብዙ እናቶች የማንኪያ ትምህርት በሾርባ ይጀምራሉ፤ ልጁ አፉ ጋ ሲደርስ ማንኪያው ባዶ ነው። ተስፋ ይቆርጣል። ሾርባን ለመጨረሻ አቆዩት።

እንጀራ በወጥ የመጨረሻው ከባድ ትምህርት ነው። እኛ ስለለመድነው ቀላል ይመስለናል እንጂ ልጁ በአንድ እጅ መቁረስ፣ ወጡን መክበብ፣ መጠቅለል፣ ሳይበተን አፍ ማድረስ አለበት። አራት ሥራ ነው። መጀመሪያ በሁለት እጁ ይቁረስ፤ ምንም አይደለም። ወጡን ወፈር አድርጉለት፤ ቀጭን ሽሮ በጣቶቹ መሃል ይወርዳል። ወፍራም ሽሮ፣ ድንች አልጫ፣ የተፈጨ ምስር ይሻላል። አጠገቡ ተቀምጣችሁ ቀስ ብላችሁ ቁረሱ፤ እጃችሁን ይይ። በአፍ ከማስረዳት በእጅ ማሳየት ይፈጥናል።

አሁን ዋናው ዘዴ። ልጅ በጣም የሚርበው በማዕዱ መጀመሪያ ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አምስት ጉርሻ ራሱ ይብላ። ሲደክመው እናንተ ቀጥሉ። በሳምንቱ አምስቱ ወደ አስር ይደግ። የእናንተ እጅ እየዘገየ፣ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በመጨረሻ አንዲት የፍቅር ጉርሻ ብቻ ትቀራለች። ብዙ ሰው ግን ተገላቢጦሹን ያደርጋል። አጉርሶ አጉርሶ ካጠገበው በኋላ «በል የቀረውን ራስህ ብላ» ይለዋል። የጠገበ ልጅ ለምን ይታገላል?

ይህ እንዲሠራ ልጁ ርቦት መቅረብ አለበት። ከምሳ በፊት ብስኩትና ጁስ ከያዘ አይሆንም። ቲቪና ስልክም ይጥፋ። ማዕዱ በ«ቢስሚላህ» ይሁን በ«በስመ አብ»፣ እናንተ ቤት በሚባለው ይጀመር፤ ለልጁ «አሁን የመብላት ጊዜ ነው» የሚል ምልክት ይሆንለታል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በቂ ነው። ካልበላ ሰሃኑን ያለ ቁጣ አንሱ። እስከ መክሰስ መሃል ላይ ምንም አትስጡት።

መጠኑስ? ጥቂት አቅርቡ፤ ካለቀ ይጨምር። ኤሊን ሳተር የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ ለወላጅ የሚመች ክፍፍል አላት። ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ ወላጅ ይወስናል፤ መብላት አለመብላቱንና መጠኑን ልጁ ይወስናል። እኛ «ይችን ብቻ፣ ስለ እናትህ» ብለን መለመን ለምደናል። እስኪ ሁለት ሳምንት አትለምኑት። አዲስ ምግብ ደግሞ አንዴ ስለተፋው አይወደውም ብላችሁ አትደምድሙ። አንዳንድ ልጅ አሥር ጊዜና ከዚያ በላይ ቀምሶ ነው የሚለምደው።

የግራ እጅ ነገር ከባድ ጥያቄ ነው። በእስልምናም በክርስትናም ቤት በቀኝ መብላት እናስተምራለን። ቀኙን በእርጋታ እያሳያችሁ አስለምዱት። ግን ግራኝ ሆኖ የተፈጠረ ልጅ እጁን አትምቱት፤ በጽሑፍ ሥራም አታስገድዱት። የተመታ እጅ ሁለቱንም ሥራ ይተዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ደረቅ ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ፈንዲሻ 5 ዓመት እስኪሞላቸው አትስጧቸው፤ ትንታ ያንቃል። በረመዳን ለማፍጠሪያ ቴምር ሲሰጥ ፍሬውን አውጡለት፤ ሥጋውን ቆራርጡት። ልጅ እየሮጠ፣ እየሳቀ፣ ተጋድሞም አይብላ።

አያት ስትመጣ

አያት ቤት ካለች ሥራው ግማሹ እሷን ማሳመን ነው። የልጅ ልጇ ሲታገል ማየት አትችልም፤ አንጀቷ ነው። «ተዉ አያጉርሱት» ካላችኋት ትቀየማለች። እኔ እናቴን የምላት እንዲህ ነበር፦ «እማ፣ ዛሬ እስኪ ራሷ ትሞክርልሽ፣ አንቺ መርቂያት። መጨረሻ ላይ አንድ ታጎርሻታለሽ።» አማት ከሆኑ ደግሞ «እማማ፣ ስትበላ ይዩልኝ፤ የመጨረሻዋን ጉርሻ እርስዎ ነዎት የሚሰጧት» ማለት ይቻላል። ሥራ ሰጥታችኋቸዋል፤ አልከለከላችኋቸውም።

ምሳ ዕቃ

እዚህ ላይ እንደ አስተማሪ ልለምናችሁ። ምሳ ዕቃውን ራሱ መክፈት ይችላል? አዲስ ምሳ ዕቃ ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ልጁ ከፍቶ ይዝጋው። ካልቻለ ሌላ። ኮዳውም እንደዚያው። ቅዳሜ ምሳውን ቤት ውስጥ ከምሳ ዕቃው ይብላ፤ ሰኞ አዲስ ነገር አይሆንበትም። እንጀራውን ጠቅልላችሁ በጉርሻ ልክ ቆራርጡት። ወጥ ለብቻው በሌላ ዕቃ አትላኩ፤ ቦርሳው ውስጥ ይፈሳል፤ ልጁም ያፍራል።

ልብስና ጫማ

ደሴ ጠዋት ይበርዳል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ልጁን ሹራብ በጃኬት ያስደርበዋል፤ መልበሱም ረጅም ሥራ ነው። ሞቅ ባለችው ኮምቦልቻ ያላችሁ በዚህ ታድላችኋል።

ዘዴው ከመጨረሻው መጀመር ነው። ካልሲ እንውሰድ። ጣቶቹንም ተረከዙንም እናንተ አስገቡ፤ ልጁ ወደ ላይ ይሳበው ብቻ። «ካልሲህን ራስህ ሳብከው!» በሉት። ሲለምድ ተረከዙን ራሱ ያሳልፍ። ከዚያ ጣቶቹን ያስገባ። ሁልጊዜ የሚጨርሰው እሱ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ደስ ብሎት ይነሳል። ዚፕም እንዲሁ፦ ታችኛውን እናንተ አገናኙ፣ እሱ ወደ ላይ ይጎትት።

ለጃኬት ልጆቼ የሚወዱት ዘዴ አለ። ጃኬቱን መሬት ላይ ዘርጉት፤ ውስጡ ወደ ላይ፣ አንገትጌው ከልጁ እግር ጋ። ልጁ ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን እጅጌው ውስጥ ያስገባል፤ ከዚያ በራሱ ላይ አሳልፎ ወደ ኋላ ይገለብጠዋል። ተለበሰ! የመጀመሪያ ቀን ሲሳካላቸው ክፍሉ በሳቅ ይሞላል።

ጫማ እንዳያገለባብጥ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ውስጣቸው ላይ በእስክርቢቶ የልብ ግማሽ ግማሹን ሳሉ። ልቡ ከገጠመ ትክክል ነው። ለዚህ ዕድሜ ክር ያለው ጫማ አትግዙ፤ ሱሪም ወገቡ ላስቲክ ይሁን። ቀበቶ ያለው ሱሪ ስንት ልጅ ሽንት ቤት በር ላይ አስለቅሷል።

መታጠብና ሽንት ቤት

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧ ከፍቶ ማስተማር አይቻልም። ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን በርጩማ ላይ አስቀምጡ፣ ከሥሩ ሳፋ። በሳሙና ማሸት 20 ሰከንድ ይፈጅ፤ ከ1 እስከ 20 ይቁጠር፣ ቁጥርም ይማራል። ፖፖ የለመደ ልጅ የጉድጓድ ሽንት ቤት ቢፈራ አትገፉት፤ ፍርሃቱ ልክ ነው፣ ቀዳዳው ለእሱ ሰፊ ነው። ሴት ልጅ ከፊት ወደ ኋላ እንድትጠርግ ከመጀመሪያው አስተምሯት። በደንብ መጥረግ 5 ዓመት አካባቢ ነውና እስከዚያ እናንተ ጨርሱላቸው።

የቤት ሥራ

ማሪያ ሞንቴሶሪ የምትባል ጣሊያናዊት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ ለትንንሽ ልጆች ቤት ከፍታ ውሃ መቅዳትን፣ ቁልፍ መቆለፍን፣ መጥረግን ትምህርት አደረገችው። ዕቃውም በልጅ ልክ ነበር። እኛ ቤት በልጅ ልክ የሆነ ዕቃ ሞልቷል። ሲኒ በእጁ ልክ ነው። ትንሽ ጆግ ግማሽ ድረስ ውሃ ሞልታችሁ ሳፋ ላይ ከጆጉ ወደ ሲኒ ይቅዳ።

ቡና ሲፈላ ቄጤማውን እሱ ይጎዝጉዘው። ዳቦውን ለእንግዳ ያዙር። ምስር ሲለቀም አጠገባችሁ ተቀምጦ ድንጋዩን ይፈልግ። ከሰሉና ጀበናው ጋ ግን አይድረስ።

ይደፋል፣ ይሰብራል። «አብሽር» በሉትና ጨርቅ ስጡት፤ ራሱ ይጥረገው። ሲጨርስ ደግማችሁ አትጥረጉ፣ ቢያንስ እያየ። ያነጠፈውን አልጋም እያየ አታስተካክሉ። ልጅ ይህን ያያል።

ወደ ኋላ ሲመለስ

ታናሽ ሲወለድ ወይም ታሞ ሲነሳ ልጁ «አጉርሽኝ» ሊል ይችላል። ለጥቂት ቀን አጉርሱት። እጁ የተማረውን አይረሳም። ነገር ግን ሲውጥ ሁልጊዜ የሚያንቀው፣ ወፍራም ምግብ ጨርሶ የማይቀበል ወይም እየከሳ የሚሄድ ልጅ ከሆነ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ክብደቱንና የክንዱን ዙሪያ ይለኩለታል። ይህ የትምህርት ጉዳይ አይደለምና አትቆዩ።

ወደ ትሪው

እንጀራ በወጥ ሳይበትን ሲበላ፣ የራሱን ሰሃን ሳይጎተጎት ሲጨርስ፣ ትሪው ጋ ጥሩት። በዓል ቀን እንግዳ በሞላበት አትጀምሩ፤ ተራ ማክሰኞ ማታ ይሁን። ከፊት ለፊቱ ብቻ እንዲበላ ንገሩት፤ ድርሻውንም ከፊቱ ለይታችሁ አድርጉለት። ታላላቆቹ ቀስ ይበሉ። ሲነሳ «ጠገብክ?» በሉት። አልጠገበም ካለ የራሱን ሰሃን መልሱለትና ለጥቂት ሳምንት ሁለቱን እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ።