ጀማሪ የኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ስርጭትና መንስኤ ጥናት) ተመራማሪዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

አብዛኛው ጥናት የሚበላሸው ገና ፕሮፖዛሉ ሲጻፍ ነው፤ መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ) አያድነውም።

423ን መቅዳት። ይህ የናሙና ቁጥር በአገራችን የማስተርስ ጥናቶች ደጋግሞ ይታያል። አመጣጡ ይታወቃል፦ ስርጭቱን (በሽታው ያለባቸውን ሰዎች ድርሻ) 50 በመቶ፣ የስህተት ህዳጉን (ውጤቱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚፈቀድለትን ልዩነት) 5 በመቶ፣ የመተማመኛ ደረጃውን 95 በመቶ ሲያደርጉት ቀመሩ 384 ይሰጣል፤ መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲጨመር 423 ይሆናል። (እንዲያውም ከ423 ሰው 10 በመቶው ከቀረ 381 ነው የሚተርፈው። 384 እንዲተርፍ ለ0.9 አካፍሎ 427 መያዝ ነበር።) ጉዱ የሚፈላው የበሽታው ስርጭት 6 በመቶ አካባቢ ሲሆን ነው። በ5 በመቶ ህዳግ የሚገኘው መልስ «ከ1 እስከ 11 በመቶ» ነው፤ ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ዕቅድ ምንም አይረባም። ህዳጉ 2 በመቶ ከሆነ 542 ሰው ያስፈልጋል። መጀመሪያ ቀበሌ፣ ቀጥሎ ቤት የሚመርጥ ጥናት ከሆነ ደግሞ የናሙና ቁጥሩ በዲዛይን ኢፌክት (በቡድን መምረጥ የሚያስከትለውን ጉድለት በሚያካክስ ቁጥር) ይባዛል፤ ብዙ ጊዜ 1.5 ወይም 2 ይወሰዳል። የአንድ ቀበሌ ሰዎች ስለሚመሳሰሉ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሰው የሚያመጣው አዲስ መረጃ ያንሳል።

ክሮስ ሴክሽናል ጥናትን (ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ የሚለካበትን) ስለ መንስኤ ማናገር። ደም ግፊትና የጨው አጠቃቀም በአንድ ቀን ሲጠየቁ፣ ጨው የሚቀንሱት ሰዎች ግፊት በዝቶባቸው ሊገኝ ይችላል። ሐኪም «ጨው ቀንሱ» ብሏቸው ነዋ! ግፊት እንዳለባቸው አስቀድመው የሚያውቁትን ለይቶ መተንተን ያስፈልጋል።

ኮንትሮል (የሚጠናው በሽታ የሌለበት የማነጻጸሪያ ሰው) ከተገኘበት መውሰድ። በ1981 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት ቡናን ከቆሽት (ፓንክሪያስ) ካንሰር ጋር አያይዞ ነበር። ለማነጻጸሪያ ከተወሰዱት ሕሙማን ብዙዎቹ የጨጓራና የአንጀት ሕመም ስለነበረባቸው ቡና ቀንሰዋል፤ ስለዚህ የካንሰር ሕሙማኑ ብዙ የሚጠጡ መስለው ታዩ። ኮንትሮል መሆን ያለበት ቢታመም ኖሮ ኬዝ (የሚጠናው በሽታ ያለበት ሰው) ሆኖ የሚመዘገብ፣ የመጣበት ሕመም ግን ከሚጠናው ነገር ጋር የማይገናኝ ሰው ነው።

የተዘጋ ቤትን በጎረቤት መተካት። ቀን ላይ ቤቱ የሚዘጋው ሥራ የሚውለው ሰው ነው፤ በጎረቤት ሲተካ እንዲህ ያለው ሰው ከጥናቱ ይጎድላል። በተለያየ ሰዓት እስከ ሦስት ጊዜ መመለስ፣ ካልተገኘ መልስ ያልሰጠ ብሎ መመዝገብ ይገባል።

ቀን መቁጠሪያን ችላ ማለት። የሕፃናት መቀንጨር (ቁመት ከዕድሜ አንጻር ማጠር) ሲጠና ዕድሜ በወር መታወቅ አለበት፤ የ24 ወር ልጅ 27 ተብሎ ከተመዘገበ ሳይቀነጭር ቀነጨረ ሊባል ይችላል። የመረጃ ማስገቢያው የፈረንጅ ቀን ብቻ የሚቀበል ከሆነ 30/2 ተብሎ የሚገባ ጥቅምት 30ንም ሆነ ማንኛውንም የጳጉሜን ቀን አልቀበልም ይላል፤ መረጃ ሰብሳቢውም ደስ ያለውን ቀን ሞልቶ ያልፋል። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ የቁጥር ዓምዶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስገብቶ ኋላ መቀየር ይሻላል። የክትባት ካርድ ከሌለ የአካባቢውን በዓላትና የእርሻ ወቅቶች የያዘ የዕድሜ ማስታወሻ ይዘጋጅ።

ኦድስ ሬሾን (ችግሩ ያለባቸው ለሌለባቸው ሲካፈሉ የሚገኘው ቁጥር በሁለት ቡድኖች ሲነጻጸር) «እጥፍ» እያሉ ማንበብ። ችግሩ በአንዱ ቡድን 60 በመቶ፣ በሌላው 40 በመቶ ከሆነ ልዩነቱ 1.5 እጥፍ ነው፤ ኦድስ ሬሾው ግን 2.25 ይላል። ከ10 በመቶ በላይ ለሚታይ ነገር የስርጭት ንጽጽርን (ከላይ 1.5 ያልነውን ዓይነት) ፖይሰን ሪግሬሽን በተባለው የስታቲስቲክስ ስሌት፣ ሮበስት ስታንዳርድ ኤረር (የተስተካከለ የስህተት ግምት) ጨምሮ ማስላት ይመረጣል።