በድሬዳዋ ጊሽጣ ሲያለሙና ሲመገቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቀፊራ ገበያ ላይ ጊሽጣ የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፍሬውን በአውራ ጣቱ እየተጫነ ይፈትሻል። የጊሽጣ ቆዳ ስስ በመሆኑ የተጫኑት ቦታ ብዙ ሳይቆይ ይጠቁራል። ከመጫን ይልቅ ማየት ይበጃል፤ ጉብታዎቹ ተራርቀው በመካከላቸው ያለው መጋጠሚያ ወደ ቢጫነት ካደላ ፍሬው ደርሷል ማለት ነው፣ ቤት ውስጥም በጥቂት ቀናት ይለሰልሳል። ሳይለሰልስ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባትም ቆዳውን ከማጥቆር በቀር ጥቅም የለውም።

አልሚዎች ዘንድ የከፋው ስህተት በበጋ ቅጠሉን ያራገፈን ዛፍ ደረቀ ብሎ መቁረጥ ወይም በውሃ ማጥለቅለቅ ነው። ጊሽጣ በደረቁ ወቅት ቅጠሉን አራግፎ ያርፋል። እኔ ራሴ ይህን ባለማወቄ በግቢዬ ያለውን ዛፍ በየማታው በባልዲ ሳጠጣ ከረምኩ፤ በመጨረሻ ግንዱን በእጄ ገፋ ሳደርገው እንደላላ ችካል ተንገዳገደ፣ ሥሩ በስብሶ ነበር። ተገቢው ሥራ በዕረፍቱ ማብቂያ ላይ በመጠኑ መግረዝ ነው፤ አበባው በብዛት የሚወጣው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ነውና።

አበባው ሞልቶ ፍሬ ሲጠፋ ማዳበሪያ መጨመርም የተለመደ ነው፤ ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። የጊሽጣ አበባ በመጀመሪያ ሴቴ ሆኖ ይቆይና የወንዴውን ዱቄት የሚለቀው ቆይቶ ስለሆነ ራሱን በራሱ ማዳቀል ይቸግረዋል፤ ይህን የሚያደርጉለት ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ካነሱ፣ እንደ ድሬዳዋ ያለው ደረቅ ሙቀትም የሴቴውን ክፍል ካደረቀው፣ አበባው ይረግፋል። መፍትሔው በማለዳ በሚገባ ከተከፈቱ አበቦች ዱቄቱን ወረቀት ላይ አራግፎ በለስላሳ ብሩሽ በከፊል ወደተከፈቱት ማድረስ ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ወጪ የለውም።

ነጭ ሥጋው እንደ ክሬም የለሰለሰ ሆኖ ስኳር የተነሰነሰበት ያህል ስለሚሻክር ስኳር መጨመር ጣዕሙን ማበላሸት ነው። በ100 ግራም ውስጥ ወደ 36 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲና 4 ግራም ያህል አሰር ቢኖረውም ስኳሩ ብዙ ነውና የስኳር ሕመምተኛ መጠኑን ሊቆጥብ ይገባል።

በውስጡ ያለውን ጥቁር ዘር ሳያወጡ መፍጨት ግን በጭራሽ አይገባም፤ ሲደቅ መርዛማ ነው፣ ለቅማል ተብሎ የሚቀባው ዱቄቱም ዓይን ከነካ ክፉኛ ይጎዳል። ጁስ ቤት ውስጥ ዘሩ አንድ በአንድ ሲለቀም ካላዩ ፓፓያ ይዘዙ።