ጎንደር ላይ አካል ጉዳተኛ ሆናችሁ ውሃና መብራት ቢሮ ስትሄዱ መብታችሁን እንዴት ነው የምትጠይቁት?

ሰላም ወገኖች። ይሄን የምጽፈው ጎንደር ውስጥ በዊልቸር ወይ በክራንች ለምትንቀሳቀሱ፣ ማየት ወይ መስማት ለተሳናችሁ፣ እንደዚሁም እናትና አባታቸውን ይዘው ቢሮ ለቢሮ ለሚንከራተቱ ልጆች ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል፣ የምትፈልጉትን በጽሑፍ ጠይቁ። ህዝባችን ደግ ነው፣ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ አሳዝናችኋት ከወረፋ ታስቀድማችኋለች፣ እግዜር ይስጣት፣ ግን በሚቀጥለው ወር እሷ ፈቃድ ወጥታ ሌላ ሰው ቢቀመጥስ? "ተሰለፍ እንደማንኛውም ሰው" ካላችሁ እጃችሁ ላይ ምንም የለም። ማመልከቻ ግን ሰራተኛ ቢቀየርም ፋይል ውስጥ ይቆያል።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ መሸምደድ አያስፈልግም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል፣ አንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 3 ደሞ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማህበራዊ አገልግሎቶች ሁሉም ዜጋ በእኩልነት የመጠቀም መብት አለው ይላል። ከዛ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች፣ የጸደቀ ስምምነት ደሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሰረት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው፣ ስለዚ "ይሄ የፈረንጆች ነገር ነው" የሚላችሁ ካለ አትቀበሉት። ስምምነቱ አንቀጽ 9 ላይ ለህዝብ ክፍት የሆኑ አገልግሎቶች ተደራሽ ይሁኑ ይላል፣ አንቀጽ 28 ላይ ደሞ ንጹህ ውሃን በስሙ ጠርቶ አካል ጉዳተኞች እኩል ያግኙ ይላል። የሕንፃ ጉዳይ ከሆነ በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 አለ፣ የህዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀምም ደረጃ መውጣት ለማይችልም የሚሆን መግቢያ ይኑረው ይል የነበረ፣ ማመልከቻ ላይ ከመጥቀሳችሁ በፊት ግን አሁን የሚሰራበት የሕንፃ አዋጅ የትኛው እንደሆነ አጣሩ።

ለኔ ከሁሉም የሚጠቅመው ግን "ተመጣጣኝ ማመቻቸት" የሚባለው ነው። ለተቋሙ ከአቅም በላይ ሸክም ሳይሆን ለእናንተ አገልግሎቱን የሚያስገኝ ማስተካከያ ማለት ነው፣ ስምምነቱ አንቀጽ 2 ላይ ይሄን መከልከል ራሱ መድልዎ ነው ብሎ ይቆጥረዋል። ለዛ ነው መጀመሪያ ርካሽ ርካሹን ጠይቁ የምለው። ሊፍት ግጠሙልኝ ብትሉ "በጀት የለም" ብለው ይሸኟችኋል፣ "ፎቅ መውጣት ስለማልችል ሰራተኛው ፎርሙን ምድር ቤት ይዞልኝ ይውረድ" ካላችሁ ግን ምን ብለው እምቢ ይላሉ? ሊፍቱም ይጠየቅ፣ እሱ ግን በማህበር ተሰባስቦ ነው የሚሻለው።

አሁን ወደ ችግሮቹ። ብዙ ሰው የሚጎዳው ቆጣሪ ንባብ ላይ ነው። አንባቢው መጥቶ በር ያንኳኳል፣ መስማት የተሳነው ሰው አይሰማም፣ በክራንች የሚሄደው ደሞ ከጓዳ እስኪደርስ አንባቢው ሄዷል፣ "ቤት ዝግ" ብሎ ይጽፍና ቢሉ በግምት ይሰራል። የማውቃት አንዲት ሴት ብቻዋን የምትኖር፣ መስማት የተሳናት ናት፣ ወር በወር በግምት ሲመጣባት ቆይቶ ቆጣሪው በትክክል ሲነበብ የተጠራቀመው ባንዴ ወረደባት፣ ቢሮ ሄዳ ስታስረዳ የሚረዳት የለም፣ ምልክት ቋንቋ የሚችል ሰራተኛ የለማ። የዚህ መፍትሄ ቀላል ነው። ፋይላችሁ ላይ "ደንበኛዋ መስማት የተሳናት ስለሆነች ከመምጣታችሁ በፊት በዚህ ስልክ ቴክስት ይደረግላት" ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቁ፣ እስከዛው እናንተ በየወሩ በተመሳሳይ ቀን የቆጣሪውን ቁጥር በስልክ ፎቶ እያነሳችሁ አስቀምጡ፣ ፎቶው ላይ የቆጣሪው መለያ ቁጥርም ይታይ፣ ያለሱ "የማን ቆጣሪ ነው?" ይባላል። ቆጣሪው ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለባችሁም፣ በተለይ ካርድ ቆጣሪ ከሆነና በዊልቸር ሆናችሁ ካልደረሳችሁበት፣ ዝቅ ብሎ እንዲተከልላችሁ አመልክቱ፣ ራሳችሁ ግን እንዳትነኩት፣ አደጋም ነው ቅጣትም አለው።

ሁለተኛው ውሃ ነው። ለከተማው ውሃ የሚሰጠው አንገረብ ግድብ በደለል ተጎድቶ፣ ከተማውም እየሰፋ ሄዶ፣ ጎንደር ላይ ውሃ በፈረቃ መሆኑ ለሁላችንም ግልጽ ነው። ግን ፈረቃው ሁሉንም እኩል አይጎዳም። ሌላው ሰው ማታ ቧንቧውን ከፍቶ ባልዲ ስር አድርጎ ይተኛል፣ ሌሊት ጠብ ጠብ ስትል ድምጿን ሰምቶ ይነሳል፣ መስማት የተሳነው ግን ሲነጋ ነው መጥታ እንደሄደች የሚያውቀው። በዊልቸር ያለ ሰው ደሞ በጎንደር ዳገትና ኮብልስቶን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከቦኖ ይዞ መመለስ አይታሰብም፣ በባጃጅ ሲያስመጣ ከጎረቤቱ በላይ ይከፍላል። ስለዚ የፈረቃው ፕሮግራም በቴክስት እንዲደርሳችሁ፣ ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲጠፋና ቦቴ ሲላክ ቤታችሁ መድረሻ ውስጥ እንዲገባ፣ የሰፈራችሁ ቦኖ ደረጃ ካለው አንድ ጎኑ በራምፕ እንዲሰራ ጠይቁ። ቤታችሁ በኤሌክትሪክ የሚሰራ የኦክስጅን ማሽን ያለው ሰው ካለ ወይም ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ የምታስቀምጡ ከሆነ ከሆስፒታል የሐኪም ወረቀት አጽፋችሁ ለመብራቱ አመልክቱ፣ ለጥገና መብራት ከመቋረጡ በፊት እንዲነገራችሁ።

ክፍያ ላይ ብዙ አልልም፣ መብራት በቴሌብርም በንግድ ባንክም ይከፈላል፣ ማየት የተሳናችሁ ስልካችሁ ላይ ቶክባክ (ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምጽ የሚያነበውን) ከፍታችሁ ራሳችሁ ክፈሉ፣ ሚስጥር ቁጥራችሁን ጮክ ብላችሁ ለማንም እንዳትናገሩ። 905 የመብራት ጥሪ ማእከል ነው፣ መስማት ለተሳነው ግን ስልክ ብቻ ስለማይሆን በጽሑፍ ብልሽት የምታሳውቁበትን መንገድ እንዲያመቻቹላችሁ ማመልከቻው ላይ ጨምሩ።

ማመልከቻው አጭር ይሁን፣ እንዲህ አድርጋችሁ፦

"ጉዳዩ፦ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግልኝ ስለመጠየቅ። እኔ አመልካች በ... ክፍለ ከተማ በ... ቀበሌ ነዋሪ ስሆን የደንበኛ ቁጥሬ ... ነው። መስማት የተሳነኝ በመሆኔ ቆጣሪ አንባቢ ሲመጣ ስለማልሰማ ሂሳቤ በግምት እየተሰራ ነው። ስለዚህ ከንባብ በፊት በስልክ ቁጥር ... የጽሑፍ መልእክት እንዲላክልኝና ይህም በፋይሌ እንዲመዘገብ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 እና 41(3) እንዲሁም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 መሠረት እየጠየቅሁ፣ መልሱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።"

ችግሩን የራሳችሁ አድርጋችሁ ቀይሩት። ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፣ አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ ሁለተኛው ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን አጽፋችሁ ማህተም አስደርጋችሁ ያዙ። ይቺን ማህተም ሳትይዙ እንዳትወጡ። መውጣት ካልቻላችሁ ሰው ልካችሁ አስገቡ፣ ፊርማው ግን የእናንተ ይሁን። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የዜጎች ቻርተርም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ የትኛው አገልግሎት በስንት ቀን እንደሚሰጥ ራሳቸው የጻፉት ስለሆነ "ነገ ተመለስ" ሲበዛ እሱን ነው የምታሳዩት።

መልስ ካልመጣ ወይ "አይቻልም" ከተባለ መንገዱ ይለያያል፣ ምክንያቱም ውሃው የከተማው ነው፣ መብራቱ የፌዴራል። ለሁለቱም መጀመሪያ እዛው ቅሬታ ሰሚ፣ ከዛ የቢሮው ኃላፊ ጋ፣ የውሃው እዛም ካልተፈታ ከንቲባ ጽህፈት ቤት፣ የመብራቱ ደሞ ከጎንደር በላይ ላለው የክልል ጽህፈት ቤት። ይሄ ሁሉ ካልሰራ የሕዝብ እንባ ጠባቂና የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሁለቱም ባህር ዳር ቅርንጫፍ አላቸው፣ አቤቱታ በነጻ ነው የሚቀበሉት፣ እዛ ድረስ መጓዝም ግድ አይደለም፣ በስልክም በጽሑፍም ማቅረብ ይቻላል። ማህተም ያረፈባት ኮፒያችሁና ፎቶዎቹ ያኔ ነው የሚፈለጉት።

ማመልከቻ መጻፍ ለከበዳችሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ክፍሉ ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ ገንዘብ አትከፍሉም። ስትሄዱ መታወቂያ፣ የመጨረሻውን ቢልና ካሁን በፊት ያስገባችሁት ማመልከቻ ካለ እሱን ያዙ፣ ምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነም ቀድማችሁ ሰው ልካችሁ ቀን አስይዙ።