የድሬን የድሮ ባቡር ጣቢያ ለማየት ስትሄዱ

ድሬዳዋ የመጣ እንግዳ ሁሉ ከዚራ ሰፈር ይሄድና ጣቢያው ፊት ለፊት ቆሞ አንድ ሰልፊ ተነስቶ "አየሁት" ብሎ ይመለሳል። አቦ እሱ እኮ በሩ ነው፣ ዋናው ነገር፣ ግቢውና ወርክሾፑ፣ ያለው ከጀርባው ነው።

በመጀመሪያ አድራሻው እንዳይምታታባችሁ፣ ድሬ አሁን ሁለት ባቡር ጣቢያ ነው ያላት፣ በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪኩ ባቡር ጣቢያው ከከተማ ወጣ ያለ ነው፣ ስለዚህ ባጃጅ ይዛችሁ "ባቡር ጣቢያ" ብቻ ካላችሁ ራሳችሁን ሌላ ቦታ ልታገኙት ትችላላችሁ። "ከዚራ፣ የድሮው ምድር ባቡር" በሉት፣ በቃ።

ታሪኩን ትንሽ ሳታውቁ ከገባችሁ ደግሞ የምታዩት ዝገት ብቻ ነው የሚሆንባችሁ። አፄ ምኒልክ በ1886 ለስዊዙ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሀዲድ መዘርጊያ ፈቃድ ሰጡ፣ ፈረንሳዊው ሸፍኔም አብሮት ነበር፣ ስራው በ1890 ከጅቡቲ በኩል ተጀመረ፣ እቅዱ ባቡሩ ሐረር እንዲገባ ነበር። ግን ድሬ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 በላይ፣ ያንን የደንገጎ ዳገት አሁን በሚኒባስ ስትወጡት ራሱ ጆሯችሁ ይደፈናል፣ ሀዲድ ማውጣት ምን ያህል ወጪ እንደሆነ አስቡት። ተዉትና ሜዳው ላይ ቀሩ፣ በታህሳስ 1895 ባቡሩ እዚህ ደረሰ፣ ቦታውንም "አዲስ ሐረር" አሉት፣ ስሙ ግን አልያዘም። የሐረር ልጆች ይቅር ይበሉንና እኛ የተወለድነው እነሱ ባጡት ባቡር ነው።

ከዚያ ብር አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ ሀዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። በመሃል ለዓመታት የመስመሩ ጫፍ ድሬ ነበረች ማለት ነው፣ እቃው እዚህ ይራገፋል፣ ከዚህ በኋላ ያለው በግመልና በበቅሎ ነው። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ አረቡ፣ ህንዱ ሱቅ የከፈተው በዚህ ምክንያት ነው። ለዚህም ነው ከተማዋ ሁለት መልክ ያላት፣ ከደቻቱ ወንዝ በዚህ በኩል ከዚራ በማስመሪያ የተሰመረ መንገድና የዛፍ ጥላ፣ በዚያ በኩል መጋላ እንደፈለገ የሚጠማዘዝ ገበያ።

አሁን ወደ ጉብኝቱ። ጠዋት ሂዱ፣ በስራ ቀን። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ምሳዬን በልቼ 8 ሰዓት ላይ ነው፣ ምን አስቤ እንደሆነ አላውቅም፣ ድሬ በዚያ ሰዓት በርጫ (ጫት) ላይ ናት ሙቀቱም ይፈጃል፣ አንድም የሚያናግረኝ ሰው ሳላገኝ ላቤን ጠርጌ ተመለስኩ። ወሩም ቢሆን ከህዳር እስከ ጥር ብትመርጡ ይሻላችኋል፣ ግንቦትና ሰኔ ለለመደውም ከባድ ነው።

መታወቂያ ያዙ። በሩ ላይ ለጥበቃው ሰላም በሉና ግቢውንና ወርክሾፑን መጎብኘት እንደምትፈልጉ ንገሩት፣ ወደሚፈቅደው ሰው እሱ ይመራችኋል፣ ክፍያ ካለም ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ፎቶም እንደዚሁ፣ ሳይፈቀድላችሁ ስልክ አታውጡ። ከቻላችሁ ደግሞ ድሮ ምድር ባቡር የሰራ ጋሼ ፈልጋችሁ አብራችሁ ግቡ፣ ድሬ ውስጥ አባቱ ወይ አያቱ ምድር ባቡር ያልሰራ ቤት ማግኘት ነው የሚከብደው፣ የሆነ ሰው ጠይቁ ያገናኛችኋል። ያለ እነሱ ማሽኑ ብረት ነው፣ ከነሱ ጋር ግን ይሄኛው ፉርጎ ምን ሲጭን እንደነበር፣ ይሄ ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) የትኛውን እቃ ሲቀርጽ እንደነበር ይነግሯችኋል፣ መሃል መሃል ላይ ፈረንሳይኛ ጣል ያደርጉበታል፣ የድርጅቱ ቋንቋ ነበራ።

ሀዲዱን ሳታዩ አትለፉት። በሁለቱ ብረት መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ብቻ ነው፣ አንድ ረዘም ያለ እርምጃ፣ የአዲሱ ባቡር 1.435 ነው። በዚህች ጠባብ ሀዲድ ላይ ነው የአገሪቱ ቡናና ጨው የተመላለሰው፣ ጣልያን ያመጣት ሊቶሪና የምትባል የመንገደኛ ባቡርም የሮጠችው፣ ጃንሆይም በሚያዝያ 1928 ወደ ስደት ሲሄዱ በዚህ ነው ያለፉት። በ1969 የሶማሊያ ጦር ሲመጣ መስመሩ ተቆርጦ ነበር፣ ይህን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሁንም አሉ፣ ካወሩላችሁ አታቋርጧቸው።

ጫማ ሽፍን አድርጉ፣ መሬቱ ላይ ብረትና ዘይት አለ። ውሃ ያዙ።

ስትጨርሱ ወደ መጋላ ተሻግራችሁ ቀፊራ ገበያን እዩ፣ ፈጢራ ካልበላችሁም ብሉ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው በውስጡ ያቋርጣል፣ እናንተ ግን በክረምት እንዳታደርጉት። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል፣ ጎርፉ የሚወርደው ከላይ ከተራራው ስለሆነ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይጥል ሊመጣ ይችላል። ደንገጎ በኩል ከጠቆረ በድልድዩ ዙሩ።