ማሰሪያ አንቀጹን አትዋጡት፦ ተማሪዎች የሚያሳምን ንግግር እንዴት ያዘጋጃሉ?

መጀመሪያ የምትጠይቁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ "ቤተ መጻሕፍቱ በምሳ ሰዓት ክፍት ይሁን" የሚል ዓይነት። ማን ምን እንዲያደርግ እንደምትፈልጉ ካልለየ የቀረው ሁሉ ጌጥ ነው።

ሰላምታውን አሳጥሩ። ሦስት ደቂቃ የተሰጠው ተማሪ "ክቡር ርእሰ መምህር፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ወላጆች" ሲል አንዷን ይጨርሳታል። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር"ንም ለሌላ ቀን ተዉት፤ አድማጩ ከእናንተ ቀድሞ ይጨርሰዋል። በምትኩ ያያችሁትን አንድ ነገር አሳዩ። ከተዘጋው በር ፊት ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የምታጠና አንዲት ልጅ ትበቃለች።

አስቸጋሪው ክፍል ከዚህ በኋላ ነው። በአማርኛ ነገሩ መሆኑም አለመሆኑም የሚለየው መጨረሻ ላይ፣ በማሰሪያ አንቀጹ፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን በሚዘጋው ግሥ ነው። የተናጋሪው እስትንፋስ የሚያልቀውም እዚያው ላይ ነው። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ በጠዋት ሰልፍ፣ በሚኒ ሚዲያው ማይክሮፎን "ቤተ መጻሕፍቱ በምሳ ሰዓት መዘጋት የለበትም" አልኩ። እስከ "መዘጋት" ድረስ ድምፄ ደህና ነበር፤ "የለበትም"ን ዋጥኩት። ከኋላ የቆሙት "ይዘጋ ነው የሚለው?" ተባባሉ። ከሰልፉ በኋላ አንድ መምህር ጠርተውኝ "ለመሆኑ ቤተ መጻሕፍቱ ምን አደረገህ?" አሉኝ።

ስለዚህ በጽሑፋችሁ ላይ ማሰሪያ አንቀጾቹን ሁሉ አስምሩባቸው። ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ለሁለት ቁረጡት፤ ከማሰሪያው በፊት ተንፍሱ። ከዚያ ጓደኛችሁን ከሜዳው ማዶ አቁሙና የየዓረፍተ ነገሩን የመጨረሻ ቃል ብቻ ይድገምላችሁ። በስልክ መቅዳትን አልወደውም፤ ለአፍ ተጠግቶ ስለሚያዝ የተዋጠውንም ይሰማል።

ድግግሞሽም የሚያምረው በዚሁ ቦታ ነው፦ "መጽሐፉ አለ፤ ወንበሩ አለ፤ አንባቢው አለ። ቁልፉ ግን የለም።" አራተኛ "አለ" ከጨመራችሁ የንብረት ቆጠራ ይሆናል። ፍርዱን ማቆየትም ይጠቅማል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሲናገሩ የዘር የበላይነት እስኪወገድ፣ ሰብዓዊ መብት ያለ ዘር ልዩነት ለሁሉም እኩል እስኪጠበቅ እያሉ ሁኔታዎቹን ደረደሩ፤ እስከዚያ ድረስ ዘላቂ ሰላም ሕልም ሆኖ እንደሚቀር የተናገሩት በመጨረሻ ነው። አድማጩ ፍርዱን እየጠበቀ ይሰማል።

ጥያቄ ከጠየቃችሁ ዝም በሉ፤ በልባችሁ እስከ ሦስት ቁጠሩ። መልሱ በጩኸት ሊመጣ የሚችል ጥያቄ ግን በሰልፍ ላይ አይጠየቅም፤ ከኋላ ረድፍ የሚቀልድ አይጠፋም።

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዟት፤ እሷን ወረቀት እያዩ መናገር ያስነቅፋል። ማይክሮፎኑንም ሰልፉ ሳይሰበሰብ ሄዳችሁ ሞክሩት፤ ሕዝብ ፊት በጣት እየመቱ "ይሰማል?" ማለት ከሦስቱ ደቂቃ ላይ የሚቀነስ ነው።