ውኃ ከሩቅ ይምጣ ሲባል፦ ዕቅዱን በቁጥር መሞገቻ

ለከተማ ውኃ ከሩቅ በፓምፕ ስቦ ለማምጣት በተጠራ ስብሰባ ላይ ተነስቶ «ፕሮጀክቱ ውድ ነው» ማለት ብቻውን የትም አያደርስም። ውኃ በፈረቃ የሚጠብቅ ጎረቤት «ታዲያ ምን እንጠጣ?» ሲል ክርክሩ እዚያው ያልቃል። ደብረ ብርሃንም ሆነ ሌላ የሰሜን ሸዋ ከተማ ላይ እንዲህ ያለ ዕቅድ ከቀረበ መጀመሪያ የሚጠየቀው አሁን ያለው ውኃ የት እንደሚገባ ነው።

ብክነቱን ማስላት

ከውኃ አገልግሎቱ ሁለት ቁጥር ይጠይቁ፦ በ12 ወር የተመረተውና በደረሰኝ የተሸጠው ሜትር ኩብ። ልዩነቱ ለተመረተው ሲካፈል ያልተሸጠውን ድርሻ ይሰጣል። ምርቱ በምን እንደተለካ ግን ሳይጠይቁ አይውጡ። ዋና ቆጣሪ ከሌለ ብዙ ጊዜ ፓምፑ የሠራበት ሰዓት በተጻፈበት አቅም ተባዝቶ ነው የሚመዘገበው፤ ያረጀ ፓምፕ ደግሞ የተጻፈበትን ያህል አይሰጥም፤ ብክነቱ ከእውነታው በላይ ገዝፎ ይታያል። የቤት ቆጣሪም ያሳስታል፤ ሲያረጅ አሳንሶ ይቆጥራል፣ ውኃ ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ቧንቧ ውስጥ የገባውን አየር ይቆጥራል።

ስርቆቱንና ያልተነበበውን ቆጣሪ ከፈሰሰው ለመለየት ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት የማጠራቀሚያውን መውጫ ቆጣሪ እንዲያነቡ ይጠይቁ። ሰው ተኝቶ ቆጣሪው የሚሮጥ ከሆነ ውኃው መሬት ውስጥ እየገባ ነው። ፈረቃ ባለበት ከተማ ግን ይህ ልኬት ወጥመድ አለው፦ ሌሊት ሮቶ የሚሞላበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ውኃ ቢያንስ ሁለት ቀን ሳይቋረጥ የቆየበት፣ ሮቶው ሞልቶ ፍሎተሩ (ሲሞላ ውኃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ) የዘጋበት ሰፈር ይመረጥ። አለዚያ መሐንዲሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያፈርስብዎታል፤ ልክም ነው።

ፍሳሹ ትንሽ መስሎ ለሚታየው ሰው፦ በ5 ባር ግፊት 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ በቀን 11,000 ሊትር ገደማ ያፈሳል፤ 550 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው።

ሽቅቡ ስንት ነው?

አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 100 ሜትር ለማንሳት የፓምፑ ብቃት 70 በመቶ ቢሆን 0.39 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,280 አካባቢ። ከዚያ ቆላ ውኃ ይሳብ ቢባል ከፍታው ብቻ ለአንድ ሜትር ኩብ ወደ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል፤ የቧንቧው ሰበቃ ገና አልተደመረም። በቀን 10,000 ሜትር ኩብ ከሆነ በየቀኑ 60,000 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ብድሩ ቢያልቅም ይህ ሂሳብ አያልቅም። ከፕሮጀክቱ ሰነድ ውስጥ የቦታውን ርቀት ትተው ጠቅላላ የግፊት ከፍታውን፣ ማለትም የሽቅቡንና የሰበቃውን ድምር፣ ይፈልጉ። መብራት ሲጠፋስ? ፓምፕ በድንገት ሲቆም የሚመለሰው ውኃ ቧንቧ ይሰብራል፤ መከላከያው በዋጋው ውስጥ መኖሩን ይጠይቁ።

ብድሩ በዶላር ከሆነ፣ ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ማለፉን ያስታውሱ። ፓምፕና መለዋወጫም ከውጭ ነው የሚመጣው።

አማራጭ ሲያቀርቡ አያጋንኑ። 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ በ40 ሚሊሜትር ዝናብ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ይሞላል፤ ነገር ግን ዝናቡ ክረምት ላይ የተከመረ ነው፣ በጋውን አያሻግርም። ጠንካራው አማራጭ የመስመር ጥገናና የቆጣሪ ቅያሬ ነው።

ደብዳቤው

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 እና 92 ሕዝቡ በሚመለከተው ፕሮጀክት ላይ እንዲመክር መብት ይሰጣሉ። የመረጃ ነፃነትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። ጥያቄው «ስለ ፕሮጀክቱ ይገለጽልን» ከሆነ መልሱም መግለጫ ይሆናል፤ የአዋጭነት ጥናቱን፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማውንና የታሪፍ ስሌቱን በስም ይጥቀሱ። ውኃው የሚነሳበት አካባቢ ገበሬዎችም ይፈርሙ። በደብረ ብርሃን በኩል የሚያልፈው የበሬሳ ወንዝ በጃማ ወንዝ በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል፣ የሸዋ ሮቢቱ የሮቢ ወንዝ ወደ አዋሽ፤ ተፋሰስ የሚሻገር ዕቅድ ከታች መስኖ የሚያጠጣውን ይነካል።

ሁለት ቅጂ ይዘው መዝገብ ቤት ይሂዱ፤ በእጅዎ የሚቀረው ላይ ማህተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ይደረግበት። ከሌለ 30 ቀኑ መቼ እንደጀመረ ማስረዳት አይቻልም። ቀኑ ካለፈ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ያመልክቱ።